ካሚዮን ያላት እናት መፍቻም ይኑራት

የካሚዮን ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን «እርሱስ የወንዶች ጉዳይ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ዳሩ ግን በየከተማው ኑሮውን በአንድ ከባድ መኪና ላይ የመሠረተው ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ባልና ሚስት እቁብ ጥለው፣ ከባንክ ተበድረው፣ ያላቸውን ወርቅ ሸጠው የገዙት መኪና የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይና የወር አስቤዛ የሚወጣበት ጓዳ ነው። መኪናው ሲሠራ ቤቱ ይሞላል፤ መኪናው ሲቆም ቤቱም አብሮ ይቆማል። ይህን የመሰለውን ሀብት «እኔ ምን አውቄ» ብላ የተወች ሚስት፣ ባሏ ሲታመም ወይም ሲሞት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ፣ የማታውቀው ማሽን ባለቤት ሆና ትገኛለች። ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ የነገራትን ማመን፣ መካኒኩ የጠየቃትን መክፈል ነው ዕጣዋ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ሀብቱን የማያውቅ ባለቤት ደግሞ ለመናቅ የተመቸ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የከባድ መኪና ይዞታና ጥገና ለአንዲት እናት ምን ያህል የሚቀርብ ሙያ እንደሆነ እንመለከታለን። ለምሳሌ የመረጥነው ስፍራም ቆቦና የራያ ቆላ ነው።

ቆቦን ለምን መረጥን?

ቆቦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከደሴና ከወልድያ ወደ አላማጣና መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬና በሮቢት በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መኪና በስተምሥራቅ የዞብልን ተራሮች እያየ ወደ ሰፊው ሜዳ ይገባል። ሜዳው ማሽላና ጤፍ አብቃይ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል። የአዲስ አበባ እመቤት በገበያ የምትገዛው ሽንኩርት ከዚህ ቆላ ተጭኖ የመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቲማቲምና ሽንኩርት እንደ ጤፍ ወይም እንደ ማሽላ አይታገሡም። በቆላ ሙቀት መንገድ ዳር ለሁለት ቀን የቆመ ካሚዮን የጫነው አትክልት ከሥር ጀምሮ ይበሰብሳል። እንግዲህ አሥር ደቂቃ ተመልክቶ መለወጥ ይቻል የነበረ አንድ ቺንጊያ ቢበጠስ የሚከስረው ባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ ገበሬውም፣ ነጋዴዋም፣ ሸማቿም ይጎዳሉ።

ይህ መንገድ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትም ጊዜ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ ከአሰብ ወደብ የተነሣ የዕርዳታ እህል በኮምቦልቻና በወልድያ በኩል ወደ አላማጣና ወደ ኮረም ይጓጓዝ ነበር። ያን ጊዜ ዕርዳታውን ካዘገዩት ምክንያቶች አንዱ የካሚዮን፣ የጎማና የመለዋወጫ እጥረት ነበር። እህሉ ወደብ ደርሶ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ከቆመ ለተራበው ሕፃን እህሉ አልመጣም ማለት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነትም ቆቦና አካባቢዋ የጦር ሜዳ ሆነው መንገዱ ተዘግቶ፣ የመኪና መቆም ምን ማለት እንደሆነ ሕዝቡ ዳግመኛ አይቶታል።

ከሙያው አኳያም ይህ ምድር ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ሜዳው ሞቃትና አቧራማ ነው፤ እንደ ጎሊና ያሉት ወንዞች በክረምት ጎርፍና አሸዋ ያወርዳሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አላማጣ ተነሥቶ ወደ ኮረም የሚሄድ መኪና በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ዳገት 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል፤ ሲመለስም ያንኑ ቁልቁለት በጭነት ይወርዳል። አቧራው የአየር ፊልትሮን፣ ሙቀቱ ራዲያተርንና ጎማን፣ አሸዋው ኩሽኔታን፣ ቁልቁለቱ ፍሬንን ይፈትናል። በዚህ መንገድ መኪናዋን በደኅና የያዘች ሴት በሌላው የአገራችን መንገድ አትቸገርም።

ሴትና ሞተር አዲስ ትውውቅ አይደለም

በዓለም ላይ በአውቶሞቢል ረጅም መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጓዘው ሰው ሴት ናት። በርታ ቤንዝ የተባለችው ጀርመናዊት በ1888 እ.ኤ.አ. ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ባሏ በሠራው ባለሦስት ጎማ መኪና ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳች። በመንገድ ላይ የቤንዚን ቧንቧው ቢደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። ፍሬኑ ተበልቶ ቢያስቸግራት ደግሞ ጫማ ሰፊ ዘንድ ቀርባ ቆዳ አስለበጠችለት። ዛሬ በጋራዦቻችን «የፍሬን ሸራ» የምንለው ነገር መነሻው ይኸው የአንዲት እናት ዘዴ ነው ይባላል።

በ1957 ዓ.ም. አገራችንን የጎበኙት የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሣቤጥ 2ኛም በ1945 እ.ኤ.አ. ገና ልዕልት ሳሉ በጦር ሠራዊቱ የሴቶች ክፍል ገብተው የሾፌርነትና የመካኒክነት ትምህርት ተምረዋል።

በአገራችንም ሙሉእመቤት እምሩ ከጣልያን ወረራ በፊት የአውሮፕላን በረራ ትምህርት የጀመረች ኢትዮጵያዊት ናት። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአብራሪዎቹ እስከ ምድር አገልግሎት ሠራተኞች በሴቶች ብቻ የተካሄደ በረራ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ በእርሷ መሪነት ተደርጓል። አውሮፕላን ለሴት ከተቻለ ካሚዮን የማይቻልበት ምክንያት የለም።

መጀመሪያ ቃሉን ማወቅ

ወደ ጋራዥ የገባች ሴት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደናግራት ቋንቋው ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ ስኮርታ ሲባል ስትሰማ የምሥጢር ንግግር ይመስላታል። ነገሩ ምሥጢር የለውም። ቃላቱ አብዛኞቹ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ በወረራው ዘመንና ከዚያም በኋላ ከነፊያት መኪናዎች ጋር ገብተው አማርኛ ሆነው ቀርተዋል። የቀድሞ ሾፌሮች «ኤንትሬ» እያሉ የሚያሞግሱት ፊያት 682 ከነዚህ ዕውቅ መኪናዎች አንዱ ነው። ዛሬ በመንገዱ ላይ የሚበዙት ኢቬኮና ሲኖትራክ ቢሆኑም የጋራዡ ቋንቋ አልተለወጠም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ገዝታችሁ በየቀኑ አምስት አምስት ቃል ከነሥራው ጻፉ። ፍሪሲዮን ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያያይዝና የሚያለያይ ነው። ኩሽኔታ የሚሽከረከር ነገር ያለ ፍትጊያ እንዲዞር ይረዳል። ጓርኒሲዮን በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ዘይትና ውሃ እንዳያፈስ ይከለክላል። ባሌስትራ ጭነቱን ተሸክሞ የመንገዱን ንዝረት ያበርዳል። በአንድ ወር ውስጥ መካኒኩና ሾፌሩ የሚነጋገሩትን የምትከታተል ሴት ትሆናላችሁ። የሚነጋገሩት ነገር የገባትን ሴት በዋጋ ማታለል ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

የማለዳ ፍተሻ

ጥገና ማለት የተሰበረውን መጠገን ብቻ አይደለም። ዋናው ጥገና «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ነው። ሞተሩ ሳይነሣ በፊት፣ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሃያ ደቂቃ የሚወስድ ፍተሻ ብታደርጉ ብዙውን ችግር ከቤት ሳትወጡ ትይዙታላችሁ።

በመጀመሪያ ከመኪናው ሥር መሬቱን ተመልከቱ። ጥቁር ጠብታ ካለ የሞተር ዘይት፣ ሽታው የሚታወቅ ከሆነ ናፍጣ፣ ቀለም ያለው ውሃ ከሆነ የራዲያተር ነው። መሬቱ ያልተጠየቀውን ሁሉ ይናገራል።

ሁለተኛ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ ጥረጉትና መልሳችሁ ከትታችሁ አንብቡ። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከመጠን በላይ መሙላትም እንደ ማጉደል ጉዳት አለው። ዘይቱ ወተት ገብቶበት የተቀላቀለ ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ምናልባት የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ይሆናልና ሞተሩን ሳታስነሡ ባለሙያ ጥሩ።

ሦስተኛ የራዲያተሩን ውሃ እዩ። ይህ የሚደረገው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን ሲከፈት የፈላ ውሃና እንፋሎት ፊትን ያቃጥላል። የራዲያተሩ ክንፎች በአቧራና በነፍሳት ከተደፈኑ በቆላው ሙቀት ሞተሩ ቶሎ ይግላልና በቀስታ በውሃ እጠቡ።

አራተኛ ቺንጊያውን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። በረጅሙ ክፍል ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ጥቂት አለፍ ብሎ ከረገበ ደኅና ነው። ከዚያ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፤ ባትሪውም አይሞላም፣ ሞተሩም ይግላል። በራሱ የሚወጠር ቺንጊያ ባላቸው አዲሶቹ መኪናዎች ግን መሰነጣጠቁን መመልከት ይበቃል።

አምስተኛ የናፍጣውን ፊልትሮ ከሥር ከፍታችሁ የተጠራቀመውን ውሃ አፍስሱ። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳልና ሁልጊዜ ከታች ይተኛል። ውሃ የገባበት ናፍጣ የሞተሩን ውድ ፖምፓና የናፍጣ መርጫዎቹን ያበላሻል።

ስድስተኛ የአየር ፊልትሮ ነው። የአየር ፊልትሮ ለሞተር እንደ አፍንጫ ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ በበጋ የሠራ መኪና ፊልትሮው በሌላ አገር ከሚቆይበት ጊዜ ቀድሞ ይደፈናል። በአየር ሲጸዳ ከውስጥ ወደ ውጭ በለዘብታ ይነፋል እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አይነፋም፤ ከድንጋይ ጋር እያጋጩ ማራገፍም ወረቀቱን ይቀድደዋል። የተቀደደ ፊልትሮ አቧራውን ወደ ሞተሩ ያስገባና ፒስቶንና ፋሻውን እንደ ሞረድ ይበላል። አዲስ ፊልትሮ መግዛት ሞተር ከማሳደስ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከቁጥር አይገባም።

ጭሱም ይናገራል

ሞተሩ ሲነሣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጭስ ተመልከቱ። ጥቁር ጭስ የሚያሳየው ናፍጣው ከአየሩ መብለጡን ነው፤ አስቀድማችሁ የአየር ፊልትሮውን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። ነጭ ጭስ በማለዳ ብርድ ጥቂት ታይቶ ቢጠፋ ምንም አይደለም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ግን ውሃ እየገባ ወይም ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ይሆናል። ይህን ለይታ የምታውቅ ሴት ወደ ጋራዥ ስትሄድ «መኪናው ታሟል» አትልም፤ ሕመሙ የት እንደሆነ ጠቁማ ትጠይቃለች።

ፍሬንና የግራ ካሕሱ ቁልቁለት

የከባድ መኪና ፍሬን በታመቀ አየር የሚሠራ ነው። ሞተሩ ሲሠራ አየሩ በጋን ውስጥ ይጠራቀማል፤ መጠኑም በገቢናው ውስጥ ባለው ሰዓት ይታያል። አየር ሲታመቅ እርጥበት ስለሚፈጥር ከጋኑ ሥር ያለውን ማስተንፈሻ በየቀኑ ስባችሁ ውሃውን አስወጡ። ከዚያም አየሩ ሲሞላ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሬኑን ረግጣችሁ ያዙና ጆሮ ስጡ። «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ወይም የሰዓቱ ቀስት እየወረደ ከሄደ አየር የሚያፈስ ቦታ አለ። የሳሙና አረፋ በየመገጣጠሚያው ብትቀቡ የሚያፈስሰው ቦታ አረፋ እያወጣ ራሱን ያጋልጣል።

አንድ ሌላ ጠቃሚ ነገር አለ። በብዙዎቹ ከባድ መኪናዎች አየሩ ሲያልቅ የኋላ ፍሬኑ በጠንካራ ሞላ ራሱ ይይዛል። ስለዚህ መኪናው አልንቀሳቀስም ሲል «ካምቢዮው ተሰበረ» ከማለት በፊት የአየሩን ሰዓት ማየት ይገባል። የአየር ቱቦ በመቀየር የሚያበቃ ነገር ካምቢዮ እስከ ማስወረድ የሚያስከፍለው ይህን ያላወቀውን ነው።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ለረጅም ጊዜ ተረግጦ ሲቆይ ታምቡሩ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቆማል። ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርድ ሾፌር ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ኃይል እየያዘ፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ እየረገጠ መውረድ ይኖርበታል። የቆዩ ሾፌሮች «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው። ባለመኪናዋ ራሷ ባትነዳም እንኳ ሾፌሯ ይህን የሚያከብር መሆኑን መጠየቅ መብቷ ብቻ ሳይሆን ግዴታዋም ነው። የፍሬን ሸራ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት መኪና አነዳዱ እንዴት እንደሆነ ራሱ ይመሰክራል።

ጎማ፣ ቡሎንና ጉልበት

የጎማ አየር የሚለካው ጧት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። በመንገድ የጋለ ጎማ አየሩ ከፍ ብሎ ይታያልና ያን አይታችሁ አታስተንፍሱ፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ትቸገራላችሁ። ከኋላ ጥንድ ሆነው ከሚሄዱት ጎማዎች አንዱ ከጎደለ ጭነቱ ሁሉ በሌላው ላይ ይወድቅና ሁለቱም ይጎዳሉ። በጥንዶቹ መካከል ድንጋይ ከተሰነቀረም ጎን ለጎን እየፈተገ ይቀድዳቸዋል፤ ወንዝ ተሻግሮ የመጣ መኪና ይህ ያጋጥመዋል። ከወንዝና ከአሸዋ በኋላም ጥቂት ነድቶ ቆሞ የጎማውን እምብርት በጥንቃቄ መዳሰስ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ኩሽኔታው ግራሶ ጎድሎታል ወይም ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል።

ጎማ ከተቀየረ በኋላ ቡሎኖቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። ከቆቦ ጎማ ቀይሮ ወደ ደቡብ የተነሣ መኪና ወልድያ ሲደርስ የሚቆምበት ጊዜው ነው ማለት ነው። ቡሎን ሲጠብቅ በዙሪያው በተርታ አይደለም፤ አንዱ ከጠበቀ በኋላ በትይዩ ያለው ይከተላል። ከቡሎን ሥር የዝገት መስመር ወርዶ ከታየም ቡሎኑ መላላቱን ያመለክታል።

«ሴት ይህን የመሰለ ቡሎን በምን ጉልበቷ ትፈታለች?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ከእጅ ጉልበት ይልቅ በመፍቻው እጀታ ርዝመት ላይ ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በመፍቻው ላይ በተሰካ 1 ሜትር በሚረዝም ቱቦ ጫፍ ላይ የሰውነቷን ክብደት ብታሳርፍ፣ ብዙዎቹ የከባድ መኪና የጎማ ቡሎኖች የሚጠይቁትን ያህል ኃይል ታገኛለች። ውሃ በእንስራ ተሸክማ ዳገት የወጣች፣ ጤፍ ፈጭታ ያደገች እናት ጉልበት አንሷት አያውቅም፤ ያነሳት መፍቻው ነበር።

የማይነካውን ማወቅም ሙያ ነው

ይህን ስንል አንዲት እናት የጋራዥን ሥራ ሁሉ ለብቻዋ ትሥራ ማለታችን አይደለም። የማይነካውን ለይቶ ማወቅ የሙያው ግማሽ ነው።

መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሳለ ከሥሩ አትግቡ። በጠንካራ እንጨት ወይም ብረት ተደግፎ፣ ጎማዎቹም ፊትና ኋላ በድንጋይ ተደግፈው መሆን አለበት። የኋላ ፍሬኑን ሞላ የያዘውን ክብ ቆርቆሮ አትፍቱ፤ ታምቆ የተቀመጠው ሞላ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል። ቀለበት ያለውን ቸርኬ ነፍቶ መግጠም ለጎሚስታ የሚተው ነው፤ ቀለበቱ ቢወረወር እንደ ጥይት ነው። በአዲሶቹ መኪናዎች የናፍጣው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ ሞተሩ እየሠራ ወደ መርጫዎቹ የሚሄደውን ቀጭን ቧንቧ አትፍቱ፤ ጨረሩ ቆዳ በስቶ ይገባል። የናፍጣ ፖምፓ፣ የካምቢዮና የኤሌክትሮኒክ ክፍሎች ሥራም የተማረ ባለሙያ ይፈልጋል።

ስለ ጤናም ጥቂት እንበል። ናፍጣ በቱቦ በአፍ እየሳቡ ማውጣት በየመንገዱ የተለመደ ነው፤ ወደ ሳንባ ከገባ ግን ከባድ ሕመም ያስከትላልና ፈጽሞ አይደረግ፤ በእጅ የምትሠራ ትንሽ ፖምፓ ትግዙ። ያገለገለ የሞተር ዘይት ቆዳን ይጎዳል፤ ጓንት አድርጉ፣ ሲያበቃም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ እንጂ በቤንዚን አትታጠቡ። ዘይቱን ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩት፤ በመስኖ ቦይ ወይም በጓሮ አይደፋ። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና ክብሪት አታቅርቡ። ያረገዘች እናት ደግሞ ከከባድ ሸክምና ከኬሚካል ሽታ ትራቅ፤ ፍተሻውንና ደብተሩን መያዝ ግን አያግዳትም።

የመኪናው ደብተር

ለከተማ እናት እጅግ የሚቀርባት የጥገና መሣሪያ ብዕር ነው። ለመኪናው አንድ ደብተር ክፈቱለት። ዘይት የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የተገዛው ዕቃ ከነዋጋው፣ የተቀዳው ናፍጣ በሊትር ይጻፍበት።

ከዚህ ምን ይገኛል? አንድ መኪና በ400 ሊትር ናፍጣ 900 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር እንበል። ይህም በ100 ኪሎ ሜትር 44 ሊትር ያህል ማለት ነው። ከሁለት ወር በኋላ በዚያው መንገድና በዚያው ጭነት በ400 ሊትር 750 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደ። አሁን በ100 ኪሎ ሜትር 53 ሊትር ሆኗል። ልዩነቱ ምክንያት አለው። ወይ ናፍጣ ይፈስሳል፣ ወይ ፊልትሮ ተደፍኗል፣ ወይ መርጫዎቹ አርጅተዋል፣ ወይ ፍሬን እየያዘ ነው፣ ወይ የጎማ አየር ጎድሏል፤ አለዚያም ናፍጣው በመንገድ እየተቀዳ ይሸጣል። ሴትዮዋ ሾፌሩን ሌባ ብላ ከመጣላቷ በፊት አምስቱን አስመርምራ፣ ስድስተኛውን በመጨረሻ ትጠይቃለች። እንዲህ ያለው አሠራር ታማኙን ሾፌር ከሐሜት ያድነዋል፤ ታማኝ ያልሆነውንም ያርመዋል።

ጋራዥ ስትሄዱም ሥራው ሲሠራ አጠገብ ቁሙ። የወለቀውን አሮጌ ዕቃ «ይመለስልኝ» በሉ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። ዕቃው ለምን እንደተበላሸ ጠይቁ። ደኅና መካኒክ ጥያቄ አያስከፋውም። ጥያቄ የሚያስከፋው ከሆነ ሌላ ጋራዥ መፈለግ ነው።

በመኪናው ውስጥም መፍቻዎች በየቁጥሩ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ክሪክ፣ የጎማ አየር መለኪያና የእጅ ባትሪ ይኑሩ። ከመለዋወጫ ደግሞ ስኮርታ ጎማ፣ ቺንጊያ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ አምፖልና ፊውዝ፣ ጥቂት ሊትር ዘይትና አንድ ጀሪካን ውሃ አይጥፉ።

መብቱም ትምህርቱም አለ

«ሊብሬው በባሌ ስም ነው፤ እኔን ምን አገባኝ» የምትል እኅት ካለች ሕጉን ትወቅ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት፣ በአንዱ ተጋቢ ስም ብቻ ተመዝግቦ ቢሆንም፣ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የጋራ እንደሆነ ይቆጥራል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ካሚዮኑ የጋራ ከሆነ ዕውቀቱም የጋራ መሆን አለበት። በሕግ ያገኘነውን ባለቤትነት ባለማወቅ ለሌላ ማስረከብ አይገባም።

ትምህርቱም ሩቅ አይደለም። በወልድያ፣ በደሴና በኮምቦልቻ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ፤ በአዲስ አበባም ተግባረ ዕድን የመሳሰሉ አንጋፋ ተቋማት አሉ። በአውቶ መካኒክ ክፍል ሴት ልጅ ልትመዘገብ ስትል ወላጆች «ልብስሽ ይቆሽሻል» ብለው እንዳያሰናክሉ እንጠይቃለን። የዘይት እድፍ በሳሙና ይለቃል። ለሰው እጅ ጥገኛ ሆኖ መኖር ግን በሳሙና አይለቅም።

ኮሌጅ መግባት የማትችል እናት ደግሞ በየወሩ አንድ ሥራ ብቻ ትልመድ። በመጀመሪያው ወር የማለዳ ፍተሻውን፣ በሁለተኛው የአየር ፊልትሮ ማጽዳትና መለወጥን፣ በሦስተኛው ዘይትና የዘይት ፊልትሮ መቀየርን፣ በአራተኛው ቺንጊያን፣ በአምስተኛው ጎማን፣ በስድስተኛው ናፍጣ ሲያልቅ ወይም ፊልትሮ ሲቀየር አየር ማስወጣትን። በዚህ የመጨረሻ ሥራ የእጅ ፖምፓውን እየገፉ የፊልትሮውን ማስተንፈሻ ላላ ማድረግና፣ አረፋው ጠፍቶ ናፍጣ ብቻ ሲወጣ ማጥበቅ ነው። ናፍጣ ጨርሶ ቆመ የሚባል መኪና ብዙ ጊዜ የሚነሣው በዚሁ ነው። ሾፌር ወይም ረዳት ካለም ከእርሱ ጋር አብሮ መሥራት ይቻላል፤ አብሮ መሥራት መከባበርን ያመጣል። ወንዶችም ሴቶችም ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ቆመው መፍቻውን ያቀብሉ፤ የመኪናው ባለቤትነት ነገ የእነርሱ ነውና።

ሥራውን ዛሬ ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ አሮጌ ጨርቅና ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ነገ ጧት መኪናው ከግቢ ሳይወጣ የዘይት መለኪያውን ራሳችሁ አውጥታችሁ አንብቡና በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጻፉ።